ሩቅ ለቅሶ የሚወድ ሰው

(ባለፈው እሁድ ጎንደር ላይ ለሰፈራችን የእግር ጉዞ ልጆች የተናገርኩት ነው። አንዷ ልጅ በስልኳ ቀድታው ስለነበር እየሰማሁ ጻፍኩት። እንዳለ ነው የተውኩት፣ ሁለት ቦታ ላይ የቀባጠርኩትን ብቻ ቆርጫለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ማይኩ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁትስ? እሺ።

እኔ ንግግር የሚባል ነገር አልችልም፣ ልጆቹ "ስለ ጋሼ አውሪልን፣ ሙት ዓመቱም ደረሰ" ብለው ስለያዙኝ ነው የመጣሁት። ፖስተሩ ላይ "የጎንደሩ አንጋፋ ሀይከር" ብላችሁ ጽፋችኋል፣ ሳየው ሳቄ ነው የመጣው፣ ጋሼ ሀይከር የሚለውን ቃል ቢሰማ የመድሃኒት ስም ነው የሚመስለው። እሱን ሰው ሲጠራው የኖረው በሌላ ስም ነው፣ እዚህ ያላችሁት የቀበሌያችን ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ አትፈሩ በሉት፣ አዎ፣ ዙረታሙ።

በአማርኛችን እኮ ዝም ብሎ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ስም የለንም። ገበያ የሚሄደው ገበያተኛ ነው፣ ገዳም የሚሄደው ተሳላሚ ነው፣ ጨው ጭኖ የሚሄደው ነጋዴ ነው፣ ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ታች ለማየት ብቻ የሦስት ቀን መንገድ የሚሄደውስ? ዙረታም። ከዛ ያለፈ ስም የለውም። እትዬ ማለት ባለቤቱ፣ እኔን ያሳደገችኝ፣ እሷ ደግሞ ሲብስባት "እግሩ ላይ ዛር አለበት" ትል ነበር። እኔ የወንድሙ ልጅ ነኝ፣ ከ7 አመቴ ጀምሮ እነሱ ቤት ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ የማወራው ነገር ግማሹ ያየሁት ነው ግማሹ ደግሞ እሱ ቡና ላይ ሲያወራ የሰማሁት ነው፣ እሱ ደግሞ ሲያወራ መንገዱን አያጋንንም፣ ዝናቡን ግን ያጋንናል። ይሄን ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ያስፈልገናል።

ነገሩ የጀመረው በፈንጣጣ ነው።

ጋሼ 8ኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሰው ይቀጥር ነበር። ዘመቻው እኛ ሀገር የተጀመረው በ1963 ነው፣ እንደ ፈረንጅ 1971 መሆኑ ነው፣ በዛ በአንድ አመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ በሽተኛ ሪፖርት ተደርጓል፣ ሪፖርት ያልተደረገውን እግዜር ነው የሚያውቀው። ያኔ ጠቅላይ ግዛታችን በጌምድርና ሰሜን ይባል ነበር፣ መኪና የሚገባበት ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው፣ ስለዚህ ከታቢው በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ጥሩ ቀን ከሆነ በበቅሎ። ጋሼ 21 አመቱ ነበር። ቦርሳው ውስጥ ክትባቱ አለ፣ ደረቅ ዱቄት ነው፣ እዛው በፈሳሽ ይበጠበጣል፣ መርፌዋ ደግሞ ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ፣ ክትባቱ ውስጥ ነከር ታደርጋትና ጠብታዋ በሁለቱ ጫፍ መሃል ተይዛ ትወጣለች፣ ከዛ ክንድ ላይ 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። እኛ ልጆች ሆነን ስናስቸግረው በሌባ ጣቱ ክንዳችን ላይ 15 ጊዜ ጠቅ ያደርገን ነበር፣ ጮክ ብሎ እየቆጠረ፣ 14 ላይ ካመለጥነው ይዞን እንደገና ከ1 ይጀምራል።

አንድ ካርድም ነበረው፣ ፈንጣጣ የወጣበት ህፃን ፎቶ ያለበት። መንደር ሲደርስ ካርዱን አውጥቶ "እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ሀገር አለ ወይ?" ይላል። ትልቁ ሰው "የለም" ይላል፣ ምክንያቱም ገሚሱ መንግስት ግብር ሊጥል ነው ይላል፣ ገሚሱ ደግሞ ድሮም በራሱ መንገድ ከታማሚው ቁስል ወስዶ ጤነኛውን ክንድ ይበጣ ስለነበር የናንተ መርፌ ምን ያደርግልናል ይላል። ጋሼ ታዲያ ትልቁን ሰው ትቶ እረኛ ይጠይቃል። እረኛ አይደብቅም። "ከዛ ማዶ፣ ከጅረቱ ወዲያ፣ ያ ቤት" ይለዋል፣ ማዶው ደግሞ ታውቁታላችሁ የሰሜንን ማዶ፣ በአይን አምስት ደቂቃ ነው፣ በእግር ግን ገደሉን ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ለመውጣት ሙሉ ቀን ነው።

እንደዛ እያለ አምስት አመት ሄደ። በ1966 አብዮቱ ሲመጣና ሰሜኑ ሲታወክ ሥራው አስቸጋሪ ሆነ፣ ከታቢ ማን ነው ሰላይ ማን ነው የማይለይበት ጊዜ ነበር፣ ስለዛ ጊዜ ብዙ አያወራም ነበር እኔም አላወራም። ብቻ በነሐሴ 1968 የሀገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ ተገኘ፣ እዛ ወዲያ በደቡብ ምስራቅ በረሃው በኩል፣ ከአንድ አመት ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ሶማሊያ ላይ የአለም የመጨረሻው፣ በቃ በሽታው ከምድር ጠፋ። ትልቅ ነገር ነው፣ የሰው ልጅ ከራሱ ላይ ሙሉ በሙሉ ያጠፋው በሽታ እስካሁን ያ ብቻ ነው። ጋሼን ጎንደር ከተማ ውስጥ የመድሃኒት ስቶር ጠባቂ አደረጉት። ደሞዝ ተጨመረለት፣ ወንበር ተሰጠው። እግሩ ግን ሥራው እንዳለቀ አልተነገረውም።

እንግዲህ ለቅሶው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

በደርግ ጊዜ ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፣ እዚህ ያላችሁ ትልልቆች ታስታውሳላችሁ፣ "ወዴት፣ ለምን፣ ለስንት ቀን" ይባላል። ሄደህ "ተራራ ለማየት ነው" በልና ሞክረው እስቲ! ለለቅሶ ግን ማን ይከለክላል? ለቅሶ የሚከለክል የቀበሌ ሊቀመንበር ነገ የራሱን አስከሬን ማን ይሸከምለታል? ጋሼ ይቺን ነገር ገባችው። አምስት አመት ሲከትብ ያላደረበት መንደር የለም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ የሞተ ሰው አያጣም። ቅዳሜ ገበያ ይወርድና ከዳባት ከደባርቅ ከጃናሞራ የመጡትን እየዞረ "ደህና ናችሁ? ሁሉ ደህና ነው? እነ እገሌ ደህና ናቸው?" ይላል፣ ደህና አይደሉም ሲሉት ፊቱ ላይ ሐዘን ይታያል፣ እውነተኛ ሐዘን ነው አልዋሽም፣ ግን እትዬ እንደምትለው "ከአይኑ በታች ነው የሚያዝነው፣ አይኑማ መንገድ ጀምሯል።" ማታውኑ ስንቅ ይባላል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ትንሽ ድርቆሽ። እትዬ በሶውን እየቆላች "ይሄ ሰውዬ ለሞተ ሁሉ ዘመድ ነው" ትላለች፣ አንድ ጊዜማ ከሰሜን ማዶ የሞተ ሰውዬ ለቅሶ ሊሄድ ሲነሳ "ምንህ ነው?" አለችው፣ "በ64 በቅሎዬን ውሃ አጠጥቶልኛል" አላት። ሦስት ቀን መሄጃ ሦስት ቀን መመለሻ።

ደብተር ነበረው። ይኸው ይዤዋለሁ፣ በኋላ ታዩታላችሁ፣ በእጅ ብቻ ንኩት ቡና አታፍሱብኝ። ሰው ሁሉ የለቅሶ ደብተር አለው አይደል፣ ማን መጣ፣ ስንት አመጣ፣ ማን ቀረ። የጋሼ ደብተር ውስጥ የሟች ስም አለ፣ አንድ መስመር፣ ከዛ በኋላ ያለው ግን ሁሉ መንገድ ነው። አንዱን ላንብብላችሁ፦ "ከጨነቅ 12 ሰዓት ተነሳሁ። ቧሂት በር 3 ሰዓት። ንፋስ። ከበሩ ወዲያ በስተግራ ያለው ምንጭ ደርቋል፣ ዝቅ ብሎ ካለው ቋጥኝ ስር ሌላ አለ። ከትልቁ ኮሶ አጠገብ ያለው ቤት ውሻ ይነክሳል። 8 ሰዓት ደረስኩ። ለቅሶው ደህና ነበር።" ለቅሶው ደህና ነበር! ስለ ውሻው የጻፈው ስለ ሟቹ ከጻፈው ይበልጣል።

እኔን ይዞኝ የወጣው በ1990 ጥቅምት ላይ ነው፣ 16 አመቴ ነበር። ያን ጊዜ ለቅሶ እንኳ አልነበረም፣ ደርግም ሄዷል ይለፍም ቀርቷል፣ ግን ልማድ ሆኖበት "የእገሌን አርባ አድርሰን እንመጣለን" ብሎ ነው እትዬን የነገራት። እትዬ እኔን አየችኝና "ሴት ልጅ ገደል ልትወስድ ነው?" አለች፣ "ገደሉ ወንድ ሴት አይልም" አላት፣ እሷ ደግሞ "እሱን ነው እኮ የምልህ" አለችው። ብቻ ሄድን። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ያኔ ኮሮኮንች ስለነበር አቧራ ስንበላ ግማሽ ቀን ፈጀ፣ ኮሶዬ ላይ አውቶቡሱ ጎማ ሊቀይር ሲቆም ጋሼ እጄን ይዞ አፋፉ ላይ ወሰደኝና ቆላውን አሳየኝ። "አየሽ፣ ይሄ ገና በረንዳው ነው" አለኝ።

ደባርቅ አደርን፣ ሲነጋ በእግር። አንድ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ ጠመንጃውን አንግቶ አብሮን ነበር፣ ፓርኩ ውስጥ ያለ ስካውት መግባት አይቻልም፣ አንድ በቅሎ ነጂም ነበረ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ሳንቃ በር ላይ እግሬ ተረከዜ ጋ ውሃ ቋጠረ። ጋሼ ምንም ሳይናገር መርፌና ክር አወጣ፣ መርፌዋን በክብሪት አቃጠላት፣ ውሃውን በጎን በኩል ወግቶ ክሩን በመሃል አሳልፎ ሁለቱን ጫፍ ትቶ ቆረጠው፣ ውሃው በክሩ እየተንጠባጠበ አደረ። (ነርሶች ካላችሁ አትቆጡኝ፣ ክሩ ቁስሉን ሊበክለው እንደሚችል አሁን አውቃለሁ፣ እናንተ እንደሱ አታድርጉ።) ከዛ ካልሲዬን አነሳና ገለበጠው፣ "ስፌቱ ወደ ውጪ ይሁን፣ ጣትሽን የሚበላሽ እሱ ነው" አለኝ። ይሄው እስከዛሬ ካልሲ ገልብጬ ነው የማደርገው፣ ቢሮም ስሄድ። ባለቤቴ ሰው ፊት ጫማ ስታወልቂ ታሳፍሪኛለሽ ይላል።

በሁለተኛው ቀን የጅንባርን ፏፏቴ በሩቅ አይተን፣ 500 ሜትር አካባቢ ነው የሚወርደው፣ ድምፁ ከታች ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣ የሚመስለው፣ ከዛ ወደ ግጭ ወጣን። ግጭ ያኔ ሰው የሚኖርበት መንደር ነበር፣ ገብስ ይዘራል፣ ከብት ይሰማራል፣ በኋላ በ2008 አካባቢ ነው ሰዉ ተነስቶ ደባርቅ የሰፈረው። ጋሼ እዛ ሁለት ሦስት ቤት የሚያውቀው ሰው ነበረው፣ ማንም ቤት አላለፈም፣ ጠላ ይጠጣል፣ ክንዳቸውን ገልጠው የክትባት ጠባሳቸውን ያሳዩታል፣ እሱ ደግሞ ዳስሶ "የኔ ናት" ወይ "የኔ አይደለችም" ይላል። እንዴት እንደሚለየው አላውቅም። የሚያሾፍ ነበር የሚመስለኝ፣ ግን አንዲት ሴትዮ "የኔ አይደለችም" ሲላት አኮረፈችው።

ማታ ጥቅምት መሆኑን አትርሱ፣ ከፍታው 3,600 ሜትር ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ይባላል፣ ጠዋት ጀሪካኑ ላይ ስስ በረዶ ይዞ ነበር። እኔ ምስር ወጥ ልሥራ አልኩኝ፣ ቤት ውስጥ ባለሙያ ነኝ ብዬ። ምስሩ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ተንተከተከ፣ አይበስልም። ጋሼ ጋቢውን ተከናንቦ እያየኝ ዝም አለ። በመጨረሻ ነው የነገረኝ፣ እዛ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ አይግልም፣ 88 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ጥራጥሬ ብትቀቅል ስትቀቅል ታድራለህ። "ለዚህ ነው እንዴ በሶ የምትይዘው?" ስለው "ለዚህና ለእትዬሽ ነው፣ እሷ ሌላ ስንቅ አትሠራልኝም" አለኝ። ያን ቀን በሶ በጥብጠን በርበሬ ነስንሰን በላን፣ እንደዛ የጣፈጠኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

ጠዋት ጭላዳዎቹን ለማየት አፋፍ ላይ ወሰደኝ። ጭላዳ ሌሊት ገደሉ ላይ ነው የሚያድረው፣ ነብርና ጅብ ስለሚፈራ፣ ፀሐይ ስትወጣ ነው ወደ ሜዳው የሚመጣው። ቁጭ ብለን ስንጠብቅ መጀመሪያ አንድ እጅ ብቻ ታየኝ፣ ጥቁር እጅ፣ የገደሉን ጠርዝ ያዘ፣ ከዛ ያ ጎፈር ያለው ወንዱ ራሱን አወጣና አየን፣ አላየንም ብሎ ወጣ፣ ከኋላው ሴቶቹ፣ ግልገል ያዘሉት፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ባንድ ግዜ ሜዳው መቶ ሁለት መቶ ሆነ፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሳር መንጨት፣ ሳር ግጦ የሚኖር ዝንጀሮ እሱ ብቻ ነው፣ ደረታቸው ላይ ያ ቀይ ነገር አለ፣ እያወሩ ነው የሚበሉት፣ ማለት ድምፃቸው ልክ ሴቶች ቡና ላይ ሆነው ከሩቅ ሲሰሙ ነው፣ ትርጉሙ አይሰማህም ዜማው ግን የወሬ ዜማ ነው። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እትዬሽን እያሟት ነው" አለኝ።

ጅብራውንም ያኔ ነው ያሳየኝ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነውን፣ ለብዙ አመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆይና አንዴ አብቦ ይሞታል። ዋልያ ግን አላየንም። የኳስ ቡድናችንን ዋልያዎቹ እንላለን፣ እንስሳውን በአይኑ ያየው ስንት ሰው ነው? ከሰሜን ተራሮች ውጪ የትም አለም ላይ የለም እኮ። ያኔ ፓርኩ ራሱ አደጋ ላይ ካሉ የአለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ በ1989፣ የወጣው ከ20 አመት በኋላ በ2009 ነው።

የጋሼ ፕላን ራስ ደጀን ድረስ ሊወስደኝ ነበር። በሚቀጥለው ሌሊት ላይ ግን ጭንቅላቴ ይፈልጠኝ ጀመር፣ ንጋት ላይ አስመለሰኝ። ደህና ነኝ አልኩት፣ ዋሸሁ፣ የቤተሰቡ ደካማ መባል አልፈለግኩም። ቀጥ ባለ መስመር ሂጂ አለኝ፣ ተረከዝሽን ከጣትሽ እያገናኘሽ። አራተኛው እርምጃ ላይ ወደ ጎን ወደቅኩ። በቃ፣ አንድ ቃል አልተናገረም፣ ለበቅሎ ነጂው "ጫን" አለው፣ እየወረድን ነው። ለምኜዋለሁ፣ አልቅሻለሁ፣ እዛ ድረስ መጥተን! እሱ ደግሞ "ተራራ ላይ የታመመ ሰው መድሃኒቱ ቁልቁለት ነው፣ ሌላ የለውም" እያለ ይሄዳል። ሳንቃ በር ስንደርስ ራስ ምታቱ እንደ መብራት ጠፋ። ይሄን ለናንተ ለልጆቹ ነው በደንብ የምናገረው፣ ባለፈው ግሩፑ ላይ የለጠፋችሁትን ቪዲዮ አይቼዋለሁ፣ አንዱ ልጅ እያስመለሰው "ጀግና ነህ በርታ" ስትሉት። ሚዛኑ የጠፋ ሰው በርታ አይባልም፣ ያኔውኑ ይወርዳል፣ ትንሽ ይቆይ አይባልም።

ራስ ደጀን ላይ የወጣሁት ከዛ በኋላ በ25 አመቴ ነው፣ ከሱ ጋር። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፣ ደክሞኝ ስለነበር ድንጋይ ብቻ ነው ያየሁት፣ እዛ ላይ አየሩ ከባህር ወለሉ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። አንድ ነገር ብቻ፣ እኛ ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ነው ተብለን ነው የተማርነው፣ በኋላ ሲለካ 4,550 አካባቢ ሆነ። ይሄን ስነግረው "እሰይ፣ እኔ ሳረጅ እሱም አጠረልኝ" አለ። ፈረንጆች ደግሞ መጀመሪያ የወጡት እንደነሱ አቆጣጠር በ1841 ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ናቸው ብለው ይጽፋሉ፣ ጋሼ ይሄን ሲሰማ "መንገዱን ያሳያቸው እረኛ ታች ቆሞ ጠበቃቸው?" ብሎ ነው የጠየቀኝ።

አሁን ደስ ወደማይለው ልምጣ። ጋሼን ቅዱስ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም፣ እትዬ እዚህ ብትኖር ኖሮ ማይኩን ትነጥቀኝ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እሱ የሰው ተዝካር ላይ ነበር። የልጁ ምርቃት ቀን በማግስቱ ነው የደረሰው፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ፎቶው ላይ የለም። ልጆቹ እስከዛሬ አንዳንዷን ነገር አይረሱም፣ መብታቸው ነው። በ1999 ደግሞ ከነአካቴው ልናጣው ነበር።

ከቧሂት ወዲያ ወደ መሸሃ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ከጭሮ ለባ በላይ፣ ብቻውን ነበር፣ 57 አመቱ፣ እርጥብ ድንጋይ አንሸራተተውና ጭኑ ተሰበረ። ሌሊቱን ገሳ ተጠቅልሎ እዛው አደረ፣ ገሳውን ከአንድ እረኛ በበሶ ለውጦት ነበር ያን ቀን፣ እግዜር ሲለው። ጠዋት ልጆች አገኙት። ቃሬዛ ተሠራ፣ እንጨትና ጠፍር፣ ስምንት ሰው ተሸከመው፣ ስምንት ደግሞ ከኋላ እየተከተለ ሲደክማቸው ይቀይራል፣ አንዱ መንደር እስከ ድንበሩ ያደርሰዋል፣ ከዛ የሚቀጥለው መንደር ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ይቀባበላል። ታች ሆናችሁ ስትሰሙት ቀላል ይመስላል። የቧሂት በር ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ባዶ እጃችሁን ስትወጡት ልብ ይቆማል፣ እነሱ አንድ ትልቅ ሰው በጫንቃቸው ተሸክመው አሳልፈው ጨነቅ የመኪና መንገድ ድረስ አወረዱት። ገንዘብ ሊሰጣቸው ሲል ተቆጡ። በኋላ እግሩ የታሰረበት ቦታ፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ አጣምመው ነው ያሰሩለት፣ ከዛ በኋላ ያነክስ ነበር።

አልተወውም ግን። ቧሂትን ተወ እንጂ እግሩን አልተወውም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሽመሉን ይዞ ይወጣል፣ ቁስቋም ተሳልሞ፣ በቀሃ ወርዶ ፋሲል መዋኛ ግንቡ ላይ የተጠመጠሙትን ስሮች እያየ ትንሽ ይቆማል፣ ፒያሳ ማኪያቶ፣ ከዛ አንዳንድ ቀን ጎሃ ሆቴል ያለበትን ጉብታ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ጋሼ ይሄኛው ነው፣ ባለሽመሉ። ለጥምቀት ከተማው በሰው ሲጨናነቅ ግን ጠፍቶ ገጠር ይገባ ነበር፣ "ጎንደር የኔ የምትሆነው በነሐሴ ነው፣ ቱሪስቱም ዲያስፖራውም ዝናቡን ሲፈራ" ይላል።

አምና በ74 አመቱ አረፈ፣ ተኝቶ፣ አልጋው ላይ። እትዬ ሁለት አመት ቀድማው ሄዳለች።

ቀብሩ ላይ የከተማው ሰው ነበር፣ እድርተኛው፣ እናንተ። አርባው ቀን ነው ነገሩ የመጣው። ድንኳኑ ስር ተቀምጠን ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ አምስት ሰዎች ገቡ፣ ሦስቱ ሽማግሌ፣ ጋቢያቸው አቧራ የለበሰ፣ ያለ ካልሲ በረባሶ ያደረጉ። መንገዱ በዚህ ጊዜ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከጭሮ ለባ ነው የመጣነው አሉ። ጨነቅ ድረስ በእግር፣ ከዛ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከደባርቅ ሚኒባስ፣ በጠቅላላ አራተኛ ቀናቸው ነበር። እኛ አናውቃቸውም። ቁጭ ብለው አለቀሱ፣ ቀመሱ፣ ከዛ በጣም ሽማግሌው "ቃሬዛውን የፊት ቀኙን የያዝኩት እኔ ነኝ" አለኝ።

ምን እንደምለው ጠፋኝ። ደብተሩን አመጣሁ። መንደራቸውን ፈልጌ አገኘሁት፣ የነሱ መንደር ለቅሶ አምስት ጊዜ ተጽፏል፣ አነበብኩላቸው፣ ስለ ውሻው የተጻፈችውን ማንበብ ጀምሬ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም የእናታቸው ለቅሶ ነበር ያ "ደህና ነበር" የተባለው፣ አፍሬ ላልፈው ስል ሽማግሌው ሳቀ።

"እናውቃለን እኮ ልጄ" አለኝ። "ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ፊቱን ወደ ገደሉ አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ለኛ ሐዘን ብሎ አይደለም የሚመጣው እያልን እናወራ ነበር። ግን መጣ አይደል? ጎረቤት ያሉት ሳይመጡ እሱ መጣ።"

ሌላውን ገጽ አነበብኩ። የ1984 ነው፣ የዚሁ ሽማግሌ የወንድሙ፣ "ከባድ ዝናብ ቀኑን ሙሉ፣ ወንዙ ሞልቶ አላሻገረኝም፣ ማዶ አደርኩ" ይላል። ሽማግሌው እጁን አነሳና አቆመኝ።

"ዝናብ አልነበረም" አለ። "በረዶ ነው የጣለው። ወንዙም አልሞላም፣ እኔው ነኝ ያሻገርኩት። የዛን ለታ ያደረው እኛ ቤት ነው።"

ጓደኞቹም "እውነቱን ነው፣ በረዶ ነው" አሉ።

እስክሪብቶ ተዋስኩና "ዝናብ" የሚለውን ሰርዤ በላዩ "በረዶ" ብዬ ጻፍኩበት፣ ይኸው እዚህ ጋ፣ ሰማያዊው የኔ ጽሁፍ ነው። ደብተሩን ላሳልፍላችሁ፣ ከዛኛው ጠርዝ ጀምሩ።